ሰይጣን ጊታር ያስተምራል እንዴ? እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ሰላም ናችሁ ወዳጆች! ባለፈው እትም ስለ አንድ የድሮ ፊልም ሁለት መስመር ጣል አድርጌ ነበር። ከዚያ በኋላ ጥያቄው ጎረፈ። ስለዚህ የዛሬው ዓምድ ሙሉ በሙሉ የሱ ነው።

ፊልሙ ክሮስሮድስ ይባላል። በፈረንጆቹ 1986፣ በኛ 1978 ነው የወጣው። (ከዚህ በታች የምጽፋቸው ዓመቶች በሙሉ የፈረንጅ ናቸው፣ እንዳትደናገሩ።) ላላያችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። መጨረሻውንም ስለማወራው፣ ሳይነገረኝ ልየው የምትሉ ፊልሙን አይታችሁ ተመለሱ። ዩጂን የሚባል ጎረምሳ ኒውዮርክ ውስጥ ጁሊያርድ በተባለው ስመ ጥር የሙዚቃ ትምህርት ቤት ክላሲካል ጊታር ይማራል። ልቡ ግን የአሜሪካ ጥቁሮች ሙዚቃ ብሉዝ የተወለደበት ሚሲሲፒ ነው ያለው። ሮበርት ጆንሰን የተባለው የብሉዝ ሰው 29 ዘፈን ብቻ ቀርጾ እንደሞተ ያውቃል፣ 30ኛ የጠፋ ዘፈን አለ ብሎም ያምናል። ዘፈኑን ያውቃል ብሎ የጠረጠረውን ዊሊ ብራውን የሚባል አርሞኒካ ተጫዋች ሽማግሌ ከተዘጋበት ማቆያ ያስመልጠውና አብረው ወደ ደቡብ ይጓዛሉ። ሽማግሌው ደግሞ የራሱ ጉዳይ አለው። በወጣትነቱ መስቀለኛ መንገድ ላይ ነፍሱን ለሰይጣን ፈርሟል፣ አሁን ውሉን ማስቀደድ ይፈልጋል። ልጁ በስተመጨረሻ የራሱን ነፍስ አስይዞ ከሰይጣኑ ጊታሪስት ጋር መድረክ ላይ ይፋለማል። በቃ ይኸው ነው። ወደ ጥያቄዎቹ።

ጥያቄ፦ ፊልሙን ከአባቴ ጋር አየነው። አባቴ «ሮበርት ጆንሰን በእውነት የነበረ ሰው ነው፣ ነፍሱን የሸጠውም እውነት ነው» አለኝ። እኛ ግቢ ውስጥ ጊታሬን የማይወዱ ጎረቤቶች አሉ፣ ይህን ቢሰሙ ደግሞ ጉዴ ፈላ። እውነቱ ምንድን ነው?
(ጊታሩ፣ ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ጊታሩ ወንድሜ፣ አባትህ ግማሹን አልሳቱም። ሰውየው የነበረ ሰው ነው። በ1911 ሚሲሲፒ ውስጥ ሄዝልኸርስት በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ለቀረጻ የተቀመጠው ሁለት ዙር ብቻ ነው፤ አንዴ በህዳር 1936 ሳን አንቶኒዮ፣ ቴክሳስ፣ ሆቴል ክፍል ውስጥ፣ አንዴ ደግሞ በሰኔ 1937 ዳላስ። በነሐሴ 1938 ሞተ። ገና 27 ዓመቱ ነበር። በምን እንደሞተ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ የገነነው ወሬ ውስኪው ውስጥ መርዝ ጨመሩበት የሚለው ነው። መቃብሩ ነው የሚባል ቦታ እንኳ ሦስት አለ። እንዲህ ያለ ሰው ላይ ተረት ባይወራበት ነበር የሚገርመው።

የሰይጣኑ ወሬ ግን መጀመሪያ የሱ አልነበረም። ቶሚ ጆንሰን የሚባል ሌላ የብሉዝ ሰው ነበር። የአባታቸው ስም ገጠመ እንጂ ዘመዳሞች አይደሉም። ሌሊት መስቀለኛ መንገድ ላይ ትቆማለህ፣ አንድ ግዙፍ ጥቁር ሰው ይመጣል፣ ጊታርህን ተቀብሎ ይቃኝና ይመልስልሃል የሚለውን ታሪክ የቶሚ ወንድም ነው ስለ ቶሚ ያወራው። ኋላ ላይ ወሬው ተንሸራቶ ሮበርት ላይ አረፈ፤ ሮበርት የበለጠ ዝነኛ ሆነ፣ ለዚያውም ቀድሞ ሞቷል፣ ማን ያስተባብል?

ሮበርት ራሱ ስለ መስቀለኛ መንገድ የዘፈነው ዘፈን አለ። ጆሮህን ሰጥተህ ስማው። ሰይጣን የሚባል ነገር የለበትም። ሰውየው ተንበርክኮ እግዜርን ማረኝ ይላል። መኪና ለማስቆም ይሞክራል፣ የሚቆምለት የለም፣ ፀሐይዋ እየጠለቀች ነው። ዊሊ ብራውን የሚባለውን ጓደኛውንም እዚያው ይጠራዋል፣ ፊልሙ የሽማግሌውን ስም ያገኘው ከዚያ ነው። በዚያ ዘመን፣ በዚያ አገር፣ አንድ ጥቁር ሰው ከመሸ በኋላ በማይታወቅበት ሰፈር ብቻውን መንገድ ላይ መገኘቱ ራሱ በቂ አስፈሪ ነገር ነበር፤ ቀንድና ጭራ መጨመር አያስፈልገውም።

ታዲያ እንዴት እንዲያ ጎበዝ ሆነ? ሰን ሃውስ የሚባለው ታላቁ ሙዚቀኛ ሲያስታውስ፣ ሮበርት ልጅ እያለ እነሱ እረፍት በወጡ ቁጥር ጊታራቸውን አንስቶ ያንቋቋበት ነበር፤ ታዳሚው ኧረ ይህን ልጅ አስቁሙልን እስኪል ድረስ። ከዚያ ጠፋ። ሲመለስ የሁሉንም አፍ አስከፈተ። የጠፋው ሲኦል ሳይሆን ወደ ትውልድ አካባቢው ነው። እዚያ አይክ ዚመርማን የሚባል ጊታሪስት ዘንድ ተቀምጦ ተማረ። ሁለቱ ሌሊት ሌሊት መካነ መቃብር እየሄዱ፣ ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው ይለማመዱ ነበር። ለምን መቃብር? ጸጥ ይላላ! ማንንም አይረብሹም። አስበው እንግዲህ፣ ጎረቤት ላለመረበሽ መቃብር ድረስ የሄደ ሰው ነው ከሰይጣን ተዋዋለ የተባለው። ለግቢያችሁ ሰዎች ይህቺን ብቻ ንገራቸው፣ ወይ ጊታሩን ይፈቅዱልሃል ወይ መቃብር ሂድ ይሉሃል።

እኛም እንዲህ ያለ ወሬ አናጣም። አንድ የቅኔ ተማሪ በድንገት ጓደኞቹን ጥሏቸው ከሄደ አብሾ ጠጥቷል ይባላል፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲያነበንብ ማደሩን ማንም አይቆጥርለትም። መስቀለኛ መንገድ ላይ የተጣለ ነገር እንዳትረግጥ እየተባለ ያላደገስ ማን አለ? ግን ልብ በል፣ የኛ የዜማ አባት ታሪክ ሌላ ነው። ቅዱስ ያሬድ ትምህርት አልገባ ብሎት፣ አጎቱና መምህሩ ጌዴዎን ገርፎት፣ ሸሽቶ ዛፍ ሥር ተቀመጠ። አንድ ትል ዛፉን ለመውጣት ሲሞክር ስድስት ጊዜ ወደቀ። በሰባተኛው ወጣ። ያሬድም ተነስቶ ወደ መምህሩ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ነው ከገነት የመጡት ወፎች ታሪክ የሚመጣው፣ ትሉ ቀድሟቸዋል። ለኔ የያሬድ ዛፍና እነ ሮበርት የተለማመዱበት መቃብር አንድ ታሪክ ናቸው።

አንድ ነገር ልጨምርና ልለፍ። ሮበርት ሳን አንቶኒዮ ሆቴል ውስጥ ሲቀርጽ አዲስ አበባ በጣሊያን እጅ ነበረች። ከየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ በኋላ ግራዚያኒ አዝማሪዎችንና ጠንቋዮችን ሕዝቡን ያሸብሩብኛል ብሎ እያስለቀመ አስገደለ። የሙዚቃ ሰይጣን የሚፈልግ ካለ እዚያ ይፈልግ።

ጥያቄ፦ ዋናው ተዋናይ የካራቴ ኪዱ ልጅ ነው አይደል? እኔ «ራሱ ነው የሚጫወተው፣ ጣቶቹን እይ» እላለሁ፣ ጓደኛዬ «ጊታር ይዞ አያውቅም» ይላል። ምሳ አስይዘናል። ፍረድልን።
(የፒያሳ ልጅ)

መልስ፦ ምሳውን ሁለታችሁም ክፈሉ፣ እኔን ጋብዙኝ። አዎ፣ ራልፍ ማቺዮ ነው። ጣቶቹም የሱ ናቸው፤ አርለን ሮዝ የሚባል ጊታሪስት አስተምሮት፣ እያንዳንዱን አያያዝ ለምዶ ነው ካሜራ ፊት የቀረበው። ለዚህ ነው ጣቶቹ የማያሳፍሩት። የምትሰሙት ድምፅ ግን የሱ አይደለም። የፊልሙን ሙዚቃ የሠራው ራይ ኩደር ነው፣ ያ እያለቀሰ የሚንሸራተተው ጊታር የሱ ነው። ክላሲካሉን ዊሊያም ካነንጋይዘር ተጫውቶለታል። የሽማግሌው አርሞኒካ ደግሞ በአብዛኛው የሰኒ ቴሪ ነው። ሰኒ ቴሪ ዓይነ ስውር ነበር፣ በብሉዝ ዓለም አርሞኒካ ሲባል መጀመሪያ ከሚጠሩት ስሞች አንዱ ነው፣ ፊልሙ በወጣበት በዚያው መጋቢት 1986 ሞተ። ይህን ካወቃችሁ በኋላ የሽማግሌውን ትዕይንቶች ደግማችሁ እዩዋቸው።

የመጨረሻው ፍልሚያ ላይ የሰይጣኑ ጊታሪስት ሆኖ የሚተውነው ስቲቭ ቫይ ነው። ያኔ ገና በሃያዎቹ ውስጥ ነበር፣ ከሮክ ሙዚቀኛው ፍራንክ ዛፓ ጋር ሠርቶ የወጣ እሳት የላሰ ልጅ። የሚያስቀው ነገር፣ ልጁ የሚያሸንፍበትን የመጨረሻውን ጨዋታም የተጫወተው ራሱ ቫይ ነው። ማለትም ራሱን በራሱ አሸነፈ! ያቺን ቦታ ቀስ ብላችሁ እዩዋት። ልጁ ሽቅብ ቁልቁል የሚሮጥ ነገር ተጫውቶ ይጨርሳል። ቫይ ሊመልስ ይጀምራል፣ ከላይኛው ድምፅ ላይ ይስታል። ፊቱ ላይ መጀመሪያ የሚታየው ንዴት አይደለም፣ ግራ መጋባት ነው፣ እጁ ከድቶት የማያውቅ ሰው ግራ መጋባት። ደግሞ ይሞክራል፣ ደግሞ ይስታል። ያ የሚሮጠው ሙዚቃ ከፓጋኒኒ 5ኛ ካፕሪስ (ለቫዮሊን ብቻ የተጻፈ አጭር ሥራ) የተወሰደ ነው። ፓጋኒኒ ማነው? ጣሊያናዊ ቫዮሊኒስት ነው፣ በዘመኑ ከሰይጣን ጋር ውል አለው ተብሎ የተወራበት፣ ሲሞት እንኳ ቤተ ክርስቲያን ለዓመታት የቀብር ቦታ የከለከለችው። ሙዚቃውን የመረጠው ሰው የሚሠራውን ያውቃል።

ጥያቄ፦ ከ10 ዓመት ልጄ ጋር ልየው?
(አባወራው፣ ከለገሃር)

መልስ፦ አይ፣ ትንሽ ይቆይ። አሜሪካኖቹ ራሳቸው ልጅ ብቻውን እንዳይገባ ብለው ነው የመደቡት። ስድብ አለ፣ የሆቴል ክፍል አለ፣ ሽጉጥም ይመዘዛል። የመጨረሻውን ፍልሚያ ብቻ ከፍተህ አሳየው፣ ጊታር ግዛልኝ ካለህ ግን እኔን አታማርር።

ጥያቄ፦ ሁሉም ሰው ያደንቀዋል፣ እኔ ግን አናዶኛል። ሙዚቃው የጥቁሮች፣ መከራው የጥቁሮች፣ ሽማግሌው ጥቁር፣ በመጨረሻ ግን ነጩ ልጅ መጥቶ የጥቁሩን ነፍስ ያድናል። ይህን ማንም አያነሳውም?
(ተማሪ፣ ከስድስት ኪሎ)

መልስ፦ ፊልሙ ከወጣ ጀምሮ ይነሳል፣ መነሳትም አለበት። እንዲያውም አንተ ካልከው የባሰ ነገር አለ። ልጁ ያሸነፈው በምንድን ነው? በብሉዝ አይደለም። በፓጋኒኒ ነው። ስንት መንገድ ተጉዞ፣ ዝናብ ደብድቦት፣ ሚሲሲፒ ድረስ ሄዶ የተማረው ሙዚቃ እዚያች ሰዓት ላይ አልበቃ አለውና ኒውዮርክ መምህሩ ያስጠናውን አውጥቶ ተጫወተ። ለምን ይህን እንደመረጡ ይገባኛል። መጀመሪያ ላይ ልጁ ሞዛርት ሲጫወት ቆይቶ ጭራው ላይ ብሉዝ ሲጨምርበት መምህሩ ይቆጣዋል፤ መጨረሻ ላይ ሁለቱ ይታረቁ ነው ነገሩ። ግን እርቁ ሚዛኑን የሳተ ነው። ሽማግሌው ዕድሜ ልኩን የተጫወተው ሙዚቃ ነፍሱን ለማዳን አልበቃም ማለት ነው? እኔም እዚያ ላይ ካንተ ጋር ነኝ።

ግን ፊልሙን ሙሉ በሙሉ አልጥለውም፣ በአንድ ነገር ምክንያት። 30ኛው ዘፈን የለም። ልጁ ያን ሁሉ መንገድ የመጣው የሌላ ሰው ዘፈን ፈልጎ፣ መጀመሪያ እኔ ቀርጬው ታዋቂ እሆናለሁ ብሎ ነው። ሽማግሌው መጨረሻ ላይ ፊት ለፊት ይነግረዋል፣ 30ኛ የሚባል ዘፈን የለም፣ የራስህን ፈልግ ነው ነገሩ። ከዚያ በፊት ደግሞ አንድ ምሽት አለ። መንገድ ላይ ያገኛትና የወደዳት ልጅ ሳትሰናበተው ትሄዳለች። ይናደዳል፣ ይቀመጣል፣ ጊታሩን ያነሳል። ያቺ ጨዋታ ብዙ ኖታ የላትም። አንድ ድምፅ ይይዛል፣ ይስበዋል፣ ይለቀዋል፣ ይጠብቃል። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ልጁ ሲጫወት የምትሰሙት የሸመደደውን ነው። ፊልሙ እዚያ ላይ ቢያልቅ ኖሮ ከፍልሚያው የበለጠ ፊልም ይሆን ነበር እላለሁ፣ የፒያሳው ልጅ ይቅር ይበለኝ።

ነጭ የጥቁር ሙዚቃ ሊጫወት አይገባም ካልከኝ ግን አልስማማም። ጌታቸው መኩሪያን አስታውስ። ሽለላውንና ፉከራውን ወደ ሳክስፎን ያመጣ ሰው ነው። ዘ ኤክስ የሚባሉ የሆላንድ ፓንክ ባንድ ሙዚቃውን ሰምተው ወደዱት፣ ከሱ ጋርም ሞአ አንበሳን በ2006 አወጡ። እዚያ ላይ ማን ማንን እንደሚከተል ስሙት። ዜማው የሱ ነው፣ መሪው እሱ ነው፣ ፈረንጆቹ ከኋላው ሆነው ይደበድባሉ። ጥያቄው ማን ተጫወተ ሳይሆን ስሙ ከላይ የተጻፈው ማን ነው፣ ብሩስ ለማን ሄደ የሚለው ነው። ፊልሙ ይህን ጥያቄ ነክቶ ነክቶ ይተወዋል።

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ ሁሌ «ትዝታ የኢትዮጵያ ብሉዝ ነው» ይላል። ይህ አባባል ያበሳጨኛል፣ ትዝታ ትዝታ ነው! ወይስ እውነት አለው?
(የድሮ ካዛንቺስ ልጅ፣ አሁን ዳር ወጥቻለሁ)

መልስ፦ የካዛንቺስ ልጅ፣ አንቺም ተነሳሽ? አይዞሽ፣ ብዙ ነን። እነዚያ ሁሉ አዝማሪ ቤቶች የነበሩበት ሰፈር ዛሬ ሲታለፍ አይታወቅም።

ጓደኛሽ አባባሉን ያገኘው ከፈረንጅ የሲዲ ሽፋን ነው፤ ይሁንና ባዶ ወሬ አይደለም። ጊታር ወይም ፒያኖ ያለው ሰው ፈልጊና እንዲህ አድርጉ። ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ምቱ። ይኸው ትዝታ፣ ሜጀር የሚሉት። አሁን ድምፆቹን ሳትቀይሩ ከላ ጀምሩ፦ ላ ዶ ሬ ሚ ሶል። ብሉዝ የሚማር ጊታሪስት መጀመሪያ የሚያጠናው ይህንን ነው። አምስቱ ድምፆች አንድ ናቸው፣ የተለየው ቤትሽ ብለሽ የምትመለሺበት ድምፅ ነው። ስለዚህ አንድ የኛ ጊታሪስት ብሉዝ ሲሞክር እጁ ቶሎ ይለምዳል።

ዝምድና ግን አይደለም። ሚሲሲፒ የደረሱት አፍሪካውያን በአብዛኛው ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪካ የተወሰዱ ናቸው፣ ከወሎና ከጎንደር የሄደ አዝማሪ የለም። ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት ደግሞ ከቻይና እስከ ስኮትላንድ አለ። ከዚያ በኋላ ልዩነቱ ይበዛል። ብሉዝ በተለመደው መልኩ 12 ባር (የምት ክፍል) አለው፣ ሦስት ኮርድ (አንድ ላይ የሚመቱ ድምፆች) ይዞራል፣ ድምፁን ሆን ብሎ ያጣምመዋል፤ ያ ሚ ሜጀር ነው ወይስ ማይነር ብትይ ሁለቱም አይደለም፣ መሃል ላይ ነው። ትዝታ በክራር ሲዘፈን ኮርድ የሚባል ነገር አያስፈልገውም። የአስናቀች ወርቁን ወይም የካሳ ተሰማን ክራር ስሚ፣ አንዱ ድምፅ ሌላውን እየጠበቀ ነው የሚሄደው፣ መቼ እንደሚዞር የሚያውቀው ዘፋኙ ብቻ ነው።

እኔን የሚገርመኝ መመሳሰል ግጥሙ ላይ ነው። ብሉዝ አንዱን ስንኝ ይዘፍነዋል፣ ያንኑ ይደግመዋል፣ በሦስተኛው ይመታዋል። ለምን ይደግማል? አንደኛው ጥቅሙ፣ እየደገመ ሳለ ቀጣዩን ያስባል። አሁን አዝማሪ ቤት አስቢ። አንዱ ከጥግ ተቀበል ይላል፣ ስንኝ ይወረውራል፣ አዝማሪው ተቀብሎ ይደግመዋል፣ ማሲንቆው በመሃል ይሞላለታል፣ እሱ በዚያች ትንፋሽ ውስጥ መልሱን አዘጋጅቶ ይለቀዋል። ሰውየው ከነጓደኞቹ ይስቃል፣ ወርቁ ግን ሂሳብ ሲከፍል ነው የሚገባው። የብሉዝ ዘፋኞችም በሰም መናገር ያውቃሉ። አለቃውን ፊት ለፊት መስደብ የማይችል ሰው ስለ በቅሎው ወይም ስለ ሚስቱ ይዘፍናል። ስለዚህ ለጓደኛሽ እንዲህ በይው፦ የትዝታው ቅኝት ሳይሆን አዝማሪው ነው ለብሉዝ የሚቀርበው። ደግሞ ይከራከርሻል፣ ይከራከር።

ጥያቄ፦ ልጄ የሦስተኛ ዓመት የምህንድስና ተማሪ ነው። ይህን ፊልም ካየ በኋላ «ትምህርቴን አቋርጬ ሙዚቀኛ እሆናለሁ» ብሎ ቤቱን አምሶታል። አባቱ ጊታሩን እሰብራለሁ ብሏል። ምን ልበለው?
(እናት ነኝ፣ ከአራዳ)

መልስ፦ እናታችን፣ መጀመሪያ ጊታሩ አይሰበር። ውድ ነው፣ ደግሞ የተሰበረ ጊታር ልጅ ቤት አስቀምጦ አያውቅም።

ፊልም ካየ በኋላ ሕይወቱን ልቀይር ያለ ልጅ ፊልሙን ደግሞ ይየው እላለሁ፣ እርስዎ አጠገቡ ተቀምጠው። ዩጂን ብሉዝ ከመፈለጉ በፊት ጣቶቹን የሠራለት ትምህርት ቤት አለው። ከዚያ ደግሞ ሽማግሌው አለ፣ ቀን ከሌት የሚነዘንዘው፣ አልሆነም የሚለው። ፊልሙ የማያሳየው የቤት ኪራዩን ነው፣ የማስታወቂያ ሥራውን፣ ሠርግ ላይ እስከ ሌሊት መጫወቱን፣ ገንዘቡን ነገ ና ተብሎ መመላለሱን። እዚህ ከተማ በጊታር የሚተዳደሩ ጥሩ ጥሩ ልጆች አሉ፣ ኑሮአቸውን ቢጠይቋቸው ግን አብዛኞቹ ከአንድ ባንድ በላይ ውስጥ ነው የሚሠሩት፣ ያስተምራሉም።

ስለዚህ አይከራከሩት፣ ይጠይቁት። በቀን ስንት ሰዓት ትለማመዳለህ? ማን ነው የሚያስተምርህ? ከማን ጋር ተጫውተህ ታውቃለህ? እነዚህን ሦስቱን ሳያመነታ ከመለሰ ነገሩ የምር ነው። ካልመለሰ ፊልሙን ነው የወደደው። መምህር አለኝ ካለ ደግሞ ያንን መምህር ቤት ያምጣው፣ ቡና ያፍሉለት፣ አባቱም ይቀመጡ። ሙዚቀኛ ሲያዩት ምን እንደሚመስል፣ ምን እንደሚበላ፣ ልጃችሁን እንዴት እንደሚያየው በአንድ ቡና ይታወቃል። እኔ ብሆን ከዚያ በፊት ምንም አልወስንም።

ልጅዎ የሙላቱ አስታጥቄን ታሪክ ሳያነሳብዎት አይቀርም፣ ስለዚህ ቀድመው ይወቁት። ሙላቱን ቤተሰቦቹ ወደ ዌልስ የላኩት ምህንድስና እንዲማር ነበር። እዚያ ሙዚቃ ወሰደው። እውነት ነው። ግን አቋርጦ ወደ ቤቱ አልገባም። ለንደን ሙዚቃ ተማረ፣ ከዚያ አሜሪካ በርክሊ የሙዚቃ ኮሌጅ ገባ፣ ስኬሉንና ኮርዱን ተምሮ ነው የኛን ቅኝት ከጃዝ ጋር ያጋባው። ምህንድስናውን በሙዚቃ ትምህርት ለወጠው እንጂ በእንቅልፍ አልለወጠውም። ልጅዎ እዚህ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተፈትኖ ልግባ ካለ ጥሩ ክርክር ይዟል፣ ያዳምጡት። ዓመቱን ግን ይጨርስ፤ ማታ ማታ ይማር፣ ቅዳሜና እሑድ ይጫወት፣ ከዚያ እንደገና ተቀመጡ። ለአባቱ ደግሞ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ፣ መዶሻውን ይደብቁልኝ።

ጥያቄ፦ ክራር እጫወታለሁ። ፊልሙ ላይ ጣታቸው ላይ የሚሰኩትን የጠርሙስ አንገት ክራር ላይ ልሞክረው አስቤያለሁ። ይሠራል?
(ባለ ክራሩ፣ ከመርካቶ)

መልስ፦ እንዳሰብከው አይሠራም። የጊታሩ ጠርሙስ የሚንሸራተተው ክሩ አንገቱ ላይ ተዘርግቶ ስላለ ነው፤ በተንሸራተተ ቁጥር ክሩ ያጥራል ይረዝማል፣ ድምፁ ይወጣል ይወርዳል። ክራርህ አንገት የለውም። እያንዳንዱ ክር ለራሱ ድምፅ ነው የተቃኘው። ጠርሙሱን ክሩ ላይ ብታሳርፈው የሚያንሸራትትበት ቦታ ያጣል፣ ምናልባት የሚያንሿሿ ድምፅ ይሰጥህ ይሆናል፣ እሱም ቢሆን ሳይደብር አይቀርም።

የምትፈልገው ነገር ማሲንቆ ላይ አለ። አንድ ክር፣ ፍሬት (የጊታር አንገት ላይ ያለው የብረት መስመር) የለ፣ ጣቱ በክሩ ላይ ከታች እስከ ላይ ይንሸራተታል። ከሚሲሲፒ ጊታሪስቶች ብዙዎቹ የጀመሩት በምን መሰለህ? ቤቱ ግድግዳ ላይ ሁለት ምስማር መትተው፣ አንድ ሽቦ ወጥረው፣ ሥሩ ጠርሙስ ወትፈው፣ በሌላ ጠርሙስ እያንሸራተቱ ነው። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ማሲንቆ በለው፣ ደጋኑ ብቻ ነው የጎደለው። ስለዚህ ማሲንቆ የሚጫወት ጓደኛ ፈልግ፣ አንተ በክራር ላ ዶ ሬ ሚ ሶል ቃኝና ላ ላይ እየተመለስክ ምታት ስጠው፣ እሱ ከላይ ያልቅስ። ከዚያ ቀርጻችሁ ላኩልኝ። ስልክ ይበቃል፣ ብቻ ቴሌቪዥኑን አጥፉት።